የፖፕ አርት ህትመት በአዲስ አበባ፦ ዋጋው ከትውውቅ ወደ መዝገብ

በመሐል አዲስ አበባ ካፌዎችና ሆቴሎች ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ሥዕል እየበዛ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በአራት ቀለም አራት ጊዜ ተደግሞ፣ አበበ ቢቂላ በሮዝና በአረንጓዴ፣ ጀበና፣ ሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በደማቅ ቢጫ መደብ ላይ። የአሳሳል ስልቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒውዮርክና ለንደን ላይ ከገነነው ፖፕ አርት የመጣ መሆኑን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሥዕሎቹ ገዢ አላቸው። ወጣት ባለሙያዎች፣ ከውጭ የተመለሱ ኢትዮጵያውያን፣ አዲስ ቤት የገቡ ባልና ሚስቶች ይገዟቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ዋጋ ሲነሳ ነው። ለዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ሥዕሎች አንዱ በጥቂት ሺህ ብር፣ ሌላው በአሥር እጥፍ ይጠራሉ። የልዩነቱ ምክንያት ሲጠየቅ ግን ሻጩ ስለ ሰዓሊው ዝና ያወራል፣ ገዢውም አምኖ ወይም ተጠራጥሮ ይሄዳል።

እነዚህ ሥራዎች በብዛት ህትመት ናቸው። በሸራ ላይ በእጅ የተሣለ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ መሆኑ ራሱ ግማሽ ማስረጃው ነው። ህትመት ግን ከመነሻው ብዙ ነው። ስለዚህ ዋጋው የሚቆመው በመዝገብ ላይ ነው፦ ስንት ቅጂ ታተመ፣ ማን አተመው፣ መቼ፣ በምን ወረቀት ላይ፣ ከዚያስ በማን እጅ አለፈ። በከተማችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የዚህን መዝገብ ቦታ ይዞ የቆየው ትውውቅ ነው። «ሰዓሊውን አውቀዋለሁ»፣ «ፒያሳ ካለው ፍሬም ቤት ነው የገዛሁት» ማለት በቂ ዋስትና ነበር። ሥዕሉ ላይ ጥያቄ ከተነሳ ገዢው ተመልሶ ይሄዳል፣ ባለቤቱን ያገኘዋል፣ ይነጋገራሉ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ፍሬም ቤቶች፣ የሥዕል መሸጫዎችና ትናንሽ ማተሚያዎች ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። ዛሬ «ከዚያ ቤት ነው የገዛሁት» የሚል ሰው የሚያመለክተው ቤት የለም። ትውውቁ ከሰፈሩ ጋር ሲፈርስ የሚቀረው የተጻፈ ነገር ነው፤ የተጻፈ ነገር ደግሞ በብዛት አልነበረም። የገበያው እውነተኛ ጉድለት ይህ ይመስለኛል። ሰዓሊም ገዢም አልጎደለም።

ጉዳዩ ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ለመረዳት የፖፕ አርት ዋና የህትመት ስልት የሆነው ሲልክ ስክሪን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። በፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ አለ፤ ድሮ ሐር ነበር፣ ዛሬ ፖሊስተር ነው። ጨርቁ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ኢሙልሽን የሚባል ፈሳሽ ይቀባል። ምስሉ በጥቁር የታተመበት ፊልም ይለጠፍበትና ኃይለኛ መብራት ይበራበታል። በጥቁሩ የተሸፈነው ክፍል ስለማይጠነክር በውሃ ታጥቦ ይወጣል፣ ጨርቁ እዚያ ቦታ ላይ ክፍት ይሆናል። ከዚያ ቀለሙ ከላይ ተጨምሮ በላስቲክ መግፊያ ይሳባል፤ በክፍቱ በኩል አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ስክሪን፣ ሌላ ዙር ያስፈልጋል። አምስት ቀለም ያለው ሥራ ወረቀቱ አምስት ጊዜ ከስክሪን ሥር ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው፤ በየመሐሉ ይደርቃል፣ በየዙሩ ቦታውን ሳይስት ይገጠማል። ልፋቱ ቀላል አይደለም።

ግን ልብ በሉ፤ ህትመቱ ሲያልቅ ኢሙልሽኑ በኬሚካል ይታጠብና ስክሪኑ ለሌላ ሥራ ይውላል። ፊልሙ ግን ይቀራል፤ ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፋይል ይቀራል። ፋይሉ ያለው ሰው በአንድ ቀን ውስጥ አዲስ ስክሪን አዘጋጅቶ ያንኑ ምስል እንደገና ማተም ይችላል። «ይህ ሥራ 30 ቅጂ ብቻ ነው ያለው» የሚለው ቃል የሚጠበቀው በሰዓሊውና በአታሚው ሐቀኝነት፣ ከሐቀኝነቱም በላይ ያ ሐቀኝነት በጽሑፍ ስለሰፈረ ነው።

በዓለም ላይ ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ ያወሳሰበው አሜሪካዊው የፖፕ አርት ሰዓሊ አንዲ ዋርሆል ነው። ዋርሆል የፎቶግራፍ ሲልክ ስክሪንን መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ማሪሊን ሞንሮ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ስትሞት ለአንድ ፊልሟ ማስታወቂያ የተነሳችውን ፎቶ ወስዶ ደጋግሞ በሸራ ላይ አተመው። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ አሥር የማሪሊን ህትመቶችን የያዘ ስብስብ በወረቀት ላይ አወጣ፤ እያንዳንዱ 91.4 በ91.4 ሴንቲ ሜትር፣ 250 ቅጂ፣ በተጨማሪም ከኤ እስከ ዜድ ፊደል የተሰጣቸው 26 የአርቲስት ቅጂዎች (ከተቆጠሩት ውጭ የሚቀመጡ)። ዛሬ ከእነዚህ አንዱ ነጠላ ወረቀት በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። በሸራ የተሠራችው አንዲት ማሪሊን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በኒውዮርክ ጨረታ 195 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች።

የ1967ቱን ማሪሊን የሚያስተማምነው ሁሉም ነገር ተጽፎ መገኘቱ ነው። የዋርሆል ህትመቶች ሙሉ ዝርዝር በአንድ ትልቅ ካታሎግ ተመዝግቧል፤ ሰብሳቢዎች በአዘጋጆቹ ስም ፌልድማንና ሼልማን እያሉ ይጠሩታል። ማሪሊኖቹ እዚያ ውስጥ ከቁጥር II.22 እስከ II.31 ድረስ ተቀምጠዋል። የወረቀቱ መጠን፣ የቅጂው ብዛት፣ ፊርማው የት እንዳለ ሳይቀር ሰፍሯል። ፊርማው በጀርባ በእርሳስ ነው፣ ቁጥሩም በጀርባ በማኅተም ተመትቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ የተፈረመ «የ1967 ማሪሊን» ቢያመጣ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ጥያቄ መጠየቅ ይገባል።

እዚሁ ጎን ሌላ ማሪሊን አለች። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሰንዴይ ቢ ሞርኒንግ» በሚል ስም አውሮፓ ውስጥ የታተመችው ናት። መጠኗ ያው ነው፣ ሥራዋም ጥሩ የሲልክ ስክሪን ሥራ ነው፤ ጀርባዋ ላይ «የራስህን ፊርማ ሙላበት» የሚል ማኅተም አለ። ዋርሆል ከእነዚህ አንዳንዶቹን ሲያገኝ «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ፈርሞባቸዋል። በኋላ በሰማያዊ ማኅተም የታተሙት ዛሬም በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛሉ። ከውጭ በዘመድ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚገቡ «የዋርሆል ኦሪጅናሎች» ሲያጋጥሙ መጀመሪያ መታየት ያለበት ጀርባቸው ነው። ከፍሬሙ አልወጣም የሚል ሻጭ ከሆነ ግዢው እዚያው ላይ ይቁም።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቀዩ የራስ ምስል ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዋርሆል የራሱን ምስል ፊልሞች ለአንድ መጽሔት አሳታሚ ሰጠ፤ አሳታሚውም ወደ ንግድ ማተሚያ ወስዶ ዋርሆል በሌለበት አሳተማቸው። ከአሥርት ዓመታት በኋላ የዋርሆልን ሥራዎች የሚያረጋግጠው ቦርድ እነዚህን ሥዕሎች የእርሱ አይደሉም ብሎ ውድቅ አደረገ፤ ከአንዱም ጀርባ ላይ «ተከልክሏል» የሚል ማኅተም መታ። የሥዕሉ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ክስ መሠረተ። ክሱ በኋላ ቢቋረጥም በሰዓሊው ስም የተቋቋመው የዋርሆል ፋውንዴሽን ለጠበቃ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል፤ ቦርዱም እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘጋ። ጥያቄው እስከ ዛሬ ሰዎችን ያከራክራል፦ ሰዓሊው ምስሉን ሰጥቶ፣ ሌላ ሰው በሌላ ቦታ ቢያትመው ሥራው የማን ነው?

ይህ ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ በየሳምንቱ የሚነሳ ነው፤ ፍርድ ቤት ስላልደረሰ ብቻ አይሰማም። ብዙ ሰዓሊዎቻችን የራሳቸው የማተሚያ ክፍል የላቸውም። ስክሪን፣ ኢሙልሽን፣ የማጋለጫ መብራት፣ የማድረቂያ መደርደሪያ ያለው ለሰርግ፣ ለምረቃና ለሩጫ ቲሸርት የሚያትመው ልጅ ጋ ነው። ሰዓሊው ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ይሄዳል፣ ቀለሙን ይመርጣል፣ አንዳንዴ አጠገቡ ቆሞ ያሳትማል፣ አንዳንዴ ትቶት ሄዶ ማታ ይወስዳል። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ይሄ የቲሸርት ሥራ አይደል?» ብለው ዋጋ ያጣጥላሉ። አልስማማም። በለንደን ኬልፕራ የሚባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲከፈት የንግድ ህትመት ቤት ነበር። ባለቤቱ ክሪስ ፕሬተር ማስታወቂያና ፖስተር ያትም የነበረ ሰው ነው። በኋላ አርቲስቶቹ ኤድዋርዶ ፓኦሎዚና ሪቻርድ ሃሚልተን ከእርሱ ጋር መሥራት ሲጀምሩ የእንግሊዝ ፖፕ አርት ምርጥ ህትመቶች ከዚያ ቤት ወጡ፤ ዛሬ በቴት ሙዚየም ክምችት ውስጥ ይገኛሉ። የቲሸርት አታሚው እጅ ርካሽ እጅ አይደለም። ስክሪን በልኩ መወጠር፣ ቀለም ሳይፈስ መሳብ፣ አምስት ዙር ሳይዛነፍ መግጠም የዓመታት ልምድ ይጠይቃል፤ ያንን ልምድ ከተማው ውስጥ ይዘው ያሉት እነርሱ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ኬልፕራ ስሙን ከሥራው ጋር ማኖሩ ነው። እኛ ጋ ግን የአታሚው ስም ወረቀቱ ላይ አይታይም። ከሰዓሊው ፊርማ ሌላ የአታሚው ትንሽ ማኅተም ወረቀቱ ጥግ ላይ ቢመታ፣ የታተመበት ቀንና ብዛትም በሁለቱም ደብተር ቢጻፍ፣ ማን በሌለበት ምን እንደታተመ የሚነሳው ጥርጣሬ ከሥሩ ይደርቃል።

ህትመት ለኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ እንግዳ ነው የሚለው አስተሳሰብም መታረም አለበት። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ ሀንሰን ባሂያ የተባለ ጀርመናዊ የእንጨት ህትመት ባለሙያ አስተምሮበታል፤ ዘሪሁን የትምጌታን የመሰለ ታላቅ የእንጨት ህትመት ሠሪ ከዚያ ትውልድ ወጥቷል። ከዚያም በፊት ቢሆን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በተደረደሩ ትናንሽ ክፍሎች የሚሥሉ ሰዓሊዎች ያንኑ ሥዕል በሕይወት ዘመናቸው ደጋግመው ሠርተው ሸጠዋል፤ ማንም ሐሰተኛ ብሏቸው አያውቅም። መደጋገም ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውሩ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ መደበቅ ነው።

አሁን ወደ ገዢው ልምጣ። በገበያው ላይ «ፖፕ አርት ፕሪንት» እየተባለ የሚቀርበው አብዛኛው ሥራ ሲልክ ስክሪን አይደለም። በባነር ማተሚያ ማሽን በሸራ ላይ የወጣ ዲጂታል ህትመት ነው። ለግድግዳ ጌጥነት ምንም አይልም፤ የሚገዛው ግን በጌጥ ዋጋ ነው። ለመለየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር ይበቃል። በሲልክ ስክሪን ቀለሙ ድፍን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል፣ ሥዕሉን ወደ መስኮት አጋድሎ በጎን ብርሃን ሲታይ የቀለሙ ጠርዝ እንደ ስስ ደረጃ ይለያል። ሁለት ቀለሞች በሚገናኙበት ቦታ አንዱ ሌላውን በትንሹ ደርቦት ይገኛል። በዲጂታል ህትመት የሚታየው በየቦታው የተረጨ የደቃቅ ነጠብጣብ ብናኝ ነው። በኦፍሴት (ጋዜጣና መጽሐፍ በሚታተምበት ዘዴ) የታተመ ፖስተር ላይ ደግሞ የሰማያዊ፣ የሮዝ፣ የቢጫና የጥቁር ነጥቦች አበባ መስለው ተሰባጥረው ይታያሉ። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ከፎቶ የተነሳ ሲልክ ስክሪንም ነጥብ አለው፣ ስለዚህ ነጥብ አየሁ ብሎ ማጣጣል አይገባም። የሚጠየቀው ነጥቡ በአንድ ድፍን ቀለም የተሠራ ነው ወይስ በአራት ቀለም ቅልቅል የሚለው ነው።

ኦፍሴት ሁሉ ዋጋ ቢስ ነው ማለትም አይደለም። የአሜሪካዊው የፖፕ አርት ሰዓሊ የሮይ ሊክተንስታይን «የምታለቅስ ልጅ» እ.ኤ.አ. በ1963 ለአንድ ጋለሪ ዐውደ ርዕይ ማስታወቂያ በፖስታ የተላከ የኦፍሴት ህትመት ነበር፤ ዛሬ በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ዐውደ ርዕዮች ፖስተርና መጥሪያ ካርድ ሲገኝ መጣል የለበትም። ቀኑ፣ ቦታው፣ የሰዓሊው ስም የታተመበት ወረቀት ራሱ መዝገብ ነው፤ ነገ የአንድ ሰዓሊ ታሪክ ሲጻፍ ከሥዕሉ እኩል ይፈለጋል።

ቁጥር ላይ ብዙ አለመግባባት አለ። 12/30 ተብሎ በእርሳስ ከተጻፈ ከሠላሳው ቅጂ አሥራ ሁለተኛው ማለት ነው። 1/30 ከ28/30 ይበልጣል የሚል እምነት አለ፤ በሲልክ ስክሪን ግን መሠረት የለውም። በሌላ የህትመት ስልት ምስል የሚቀረጽበት የመዳብ ፕሌት (ሰሌዳ) በየህትመቱ ይደክማል፣ ስክሪን ግን በሠላሳና በአምሳ ቅጂ የሚታይ ለውጥ አያመጣም፤ ቁጥሩም የሚጻፈው ወረቀቶቹ ከደረቁ በኋላ ስለሆነ የህትመቱን ቅደም ተከተል የግድ አይከተልም። ከአንደኛው ቁጥር ይልቅ ሁለተኛውን ማየት ይሻላል። ከቁጥሩ ውጭ የአርቲስት ቅጂ ተብለው የሚቀመጡ ሥራዎች አሉ፤ በተለምዶ ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ጤነኛ ነው። ሠላሳ ቅጂ አለኝ የሚል ሰው ሃያ የአርቲስት ቅጂ ካለው የሸጠው ሠላሳ አይደለም። ሌላም አለ፦ ያው ምስል በትንሽ መጠን፣ በሌላ ቀለም፣ በሸራ፣ በቦርሳ ላይ እየወጣ ከሆነ ለመጀመሪያው ገዢ መነገር አለበት። ሰዓሊ ምስሉን በልዩ ልዩ መልክ የማውጣት መብት አለው፤ ዋርሆልም ያደረገው ይህንኑ ነው። ግን እያንዳንዱ እትም የራሱ ስም፣ ዓመትና ብዛት ይኑረው።

ስለ ዋጋ አመዳደብ የምመክረው ስሌት ቀላል ነው። እንበል አንድ ሰዓሊ የሸራ ሥራውን 120,000 ብር ይሸጣል፤ ህትመቱን ደግሞ በ12,000 ብር፣ ሠላሳ ቅጂ ያወጣል። ጠቅላላው 360,000 ብር ነው፤ ማለትም ገበያው ያንን አንድ ምስል ከሸራው ሦስት እጥፍ ዋጋ እንዲሰጠው እየጠየቀ ነው። ምስሉ በከተማው የታወቀ ከሆነ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ወይ ብዛቱ ይቀነስ ወይ ዋጋው ይውረድ። በጀማሪ ሰዓሊ እጅ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ቅጂ ይበቃል። መቶ ቅጂ አሳትሞ ሰማንያውን አልጋ ሥር ማስቀመጥ የቀሩትን ሃያዎች ዋጋ ይገድላል፤ ምክንያቱም ችግር በመጣ ጊዜ ሰማንያው በርካሽ ይወጣል፣ ቀደም ብሎ በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰውም ያንን ሰዓሊ ዳግም አይገዛም።

የምንዛሬው ነገርም ገብቶበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጥሩ የጥጥ ወረቀት፣ ቀለምና ኢሙልሽን ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ስለዚህ የህትመት ወጪ መጨመሩ እውነት ነው። ግን አንዳንድ ሻጮች ከዚያ በፊት የታተመን ሥራ ሳይቀር በዶላር አስልተው ዋጋ እያናሩ ነው። የገዢው ደሞዝ በብር ነው። የአገር ውስጥ ሰብሳቢን ከገበያ አስወጥቶ ከበዓል እስከ በዓል ዳያስፖራ መጠበቅ ሰዓሊዎቹን ይጎዳል። አንድ ከተማ የራሱን ህትመት ራሱ የማይገዛ ከሆነ ዋጋውን የሚወስንለት ሌላ ነው።

ሥዕሉ ከተገዛ በኋላ ዋጋውን የሚበላው የአዲስ አበባ ፀሐይ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የፖፕ አርት ሕይወቱ ደግሞ ደማቅ ቀለም ነው፤ ሮዝና ቢጫው ቀድመው ይገረጣሉ። በአዳዲሶቹ አፓርታማዎች ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርሰው መስታወት ፊት ለፊት ሥዕል መስቀል ማለት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማጥፋት ነው። ተራ የመስኮት መስታወት ያንን ጨረር በሙሉ አያግደውም። ሁለተኛው ጠላት የክረምት እርጥበት ነው፤ በተለይ ከውጭ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ የተሰቀለ ፍሬም ከጀርባው ሻጋታና ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ሦስተኛው ፍሬም ቤቱ ነው። ሥዕሉ በኮላ ቺፕውድ ላይ ከተለጠፈ ነገሩ አበቃ፤ ጀርባው አይታይም፣ ወረቀቱም ሳይቀደድ አይላቀቅም። ፍሬሙ ውስጥ አልገባ ብሎ ጠርዙን የቆረጡት ህትመት ደግሞ ዋጋው ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ለፍሬም ሠሪው «አትቁረጠው፣ አትለጥፈው፣ መስታወቱ ሥዕሉን አይንካው» ብሎ ማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሌላ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ሥራ ነው።

ሁሉም የሚሸሸው ጥያቄ ግን የፎቶው ነው። የጥላሁን ወይም የአበበ ምስል ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 18 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዋርሆል ፋውንዴሽንን ከፎቶግራፍ አንሺዋ ሊን ጎልድስሚዝ ጋር ባከራከረው ጉዳይ ላይ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ለእርሷ ፈርዷል። ዘፋኙን ፕሪንስን እ.ኤ.አ. በ1981 ያነሳችው እርሷ ነበረች። ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1984 ከዚያ ፎቶ ተነስቶ ምስሎች ሠራ፤ ፕሪንስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሞት ፋውንዴሽኑ አንዱን ለመጽሔት ሽፋን በ10,000 ዶላር አከራየ፣ ለእርሷ ግን ምንም አልደረሳትም። ፍርዱ የአሜሪካ ነው፤ እኛን አያስገድድም። ሆኖም በአገራችንም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን ይጠብቃል። ከዚህም ሌላ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማባዛትና መሸጥን ይከለክላል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለታወቁ ሰዎች ልዩ ሁኔታ ቢያስቀምጥም ነገሩ በደፈናው የሚታለፍ አይደለም። ፎቶውን ካነሳው ሰው ወይም ከቤተሰቡ የአንድ ገጽ ፈቃድ ማግኘት፣ ከሽያጩም ድርሻ መስጠት ተገቢ ነው። ይህ ሲሆን ህትመቱ የሚያፍርበት ነገር አይኖረውም፤ ፈቃዱም ከሥዕሉ ጋር አብሮ የሚሸጥ ማስረጃ ይሆናል። ብዙ የድሮ ፎቶ አንሺዎቻችን ያለ ጥቅም ማለፋቸውን ሳስብ ይህን ጉዳይ እንደ ሕግ ብቻ ለማየት ይከብደኛል።

ከውጭ ህትመት ይዞ ለሚገባ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ በምዕራፍ 97 «ኦሪጅናል ህትመት» የሚለው ሙሉ በሙሉ በሰዓሊው እጅ ከተሠራ ፕሌት በቀጥታ የታተመውን ነው፤ ሜካኒካልና ፎቶሜካኒካል ዘዴዎችን በግልጽ ያስወጣል። በዚህ መለኪያ ከፎቶ የተነሳው የዋርሆል ስክሪን ራሱ ጥያቄ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። የጨረታው ገበያና የጉምሩኩ መዝገብ አንድ ቋንቋ አይናገሩም፤ ስለዚህ ቦሌ ከመድረስ በፊት የግዢውን ደረሰኝና የሥራውን ዝርዝር መያዝ ያስፈልጋል።

መዝገቡን ማን ይያዝ? ሰዓሊው ብቻ ቢይዘው ሲሞት ይጠፋል፤ ጋለሪው ብቻ ቢይዘው ሰፈሩ ሲፈርስ ይጠፋል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው፤ በከተማው ከማንኛውም የግል ቤት የበለጠ ዕድሜ ይኖራቸዋል። ከእያንዳንዱ እትም አንድ የአርቲስት ቅጂ፣ ከአንድ ገጽ መግለጫ ጋር፣ እዚያ ቢቀመጥ የአገሪቱ የህትመት ካታሎግ በየወሩ በራሱ እየተጻፈ ይሄዳል። መግለጫው ላይ የሚሰፍረው ብዙ አይደለም፦ የሥራው ስም፣ ሰዓሊው፣ አታሚው፣ ቀኑ፣ የወረቀቱ ዓይነትና መጠን፣ የቀለሙ ብዛት፣ የቅጂው ቁጥር፣ የአርቲስት ቅጂዎቹ ቁጥር፣ የፎቶው ባለቤት። ይህ እስኪሆን ድረስ ገዢው ራሱ ሊጀምረው ይችላል። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ያችኑ አንድ ገጽ በሰዓሊው ፊርማ ይጠይቅ፣ ሥዕሉንም ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንስቶ አብሮ ያስቀምጥ።